የፀጉር አስተካካዩ እጆች

በአእምሮ ሕክምና ክሊኒኩ፣ መድኃኒት ከሚታደልበት መስኮት ፊት ለፊት፣ ከጎኔ የተቀመጠው ጠና ያለ ሰው ከፊቴ በፊት ፀጉሬን አየ።

«ማን ነው እንዲህ ያረሰህ?» አለኝ። «ጎረቤትህ ነው ወይስ ጠላትህ?»

ሳቅሁ። ፀጉር አስተካካይ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ኮሌታው በወጉ ተተኩሷል፤ ጢሙ ግን እዚህም እዚያም ተቆራርጧል። የሰው ፊት ሲያሳምር የኖረ ሰው የራሱን መላጨት አቅቶታል! እጆቹን ብብቱ ሥር ወሽቋቸዋል። ሲያወጣቸው በመዳፍ እንደተያዘ ወፍ ይርገበገባሉ።

«ደንበኞቼ መጠጥ ጀመረ ብለው ሸሹኝ። እኔ ጠብታ አልቀምስም። በሽታው ከጭንቅላቴ ወደ እጄ ወርዶ ነው። እኔም አልተኛሁለትም፤ ኪኒኑን እጥፍ አድርጌ መዋጥ ጀመርኩ።»

«ሐኪሙ ናቸው ያዘዙዎት?»

«ሐኪሙማ ‹ዋጥ› አለኝ። ሌላ ምን አለኝ?»

ተጠራ። መድኃኒት ሰጪዋ ቀና ሳትል፣ «አባቴ፣ አወሳሰዱን ያውቁታል አይደል?» አለችው።

«አሳምሬ ነዋ!» አለ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ ደረቱን ነፍቶ። ወጣ።

በለቀቀው ወንበር ላይ ልጇን ይዛ የመጣች እናት ተቀመጠች።

«ያንን ምስኪን አየኸው? ኪኒኑ እኮ ነው እንዲያ የሚያንቀጠቅጠው። የልጄንም እጅ መንቀጥቀጡ የተወው መጠኑ ሲቀነስለት ነው። አልነገሩትም እንዴ?»

ልነግረው ሮጬ ወጣሁ፤ እነዚያን እጆች ፈለግሁ። ብርድ ነበር። መንገዱ ከሥራ በሚመለስ ሰው ተሞልቷል፤ ሁሉም እጁን ኪሱ ውስጥ ከቷል።