አባ ተስፋ በራችን ላይ የቆሙ ዕለት

የቀለጠ ሰም በሸተተኝ ቁጥር ጎንደር ከቀሐ ወንዝ ማዶ የነበረችው ያች ጠባብ ክፍል ትመጣብኛለች። አሁን ዘጠና ዓመት አልፎኛል፤ ያኔ ገና ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ጣሊያንን ሊወጋ አርማጭሆ ጫካ ገብቶ ስለነበር፣ ጣሊያኖቹ እኛን ይዘው እሱን ሊያስገብሩት ይፈልጉን ነበርና፣ እናቴ እኔንና ታናሽ እህቴን ይዛ ከትክል ድንጋይ ወደ ጎንደር ሸሸች። ዘመድ ሁሉ ፈርቶ በሩን ሲዘጋብን፣ የካቶሊኩ ቄስ አባ ተስፋ ጧፍ የሚሠራባትን ክፍል ለቀቁልን።

እናቴ ደጁ ላይ ቆማ «አባ፣ ሃይማኖቴን አልለውጥም፤ ለዚያ ከሆነ ከአሁኑ ልመለስ» አለቻቸው።

«ግቢ ልጄ፤ ልጆቹን ዝናብ መታቸው» አሉና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱልን።

ክረምቱን እዚያው ከረምን። እናቴ ሰም እያቀለጠች ጧፍ ትሠራ ነበር፤ እኛ ክሩን እየገመድን እናቀብላት፣ የእግር ኮቴ ስንሰማም ትንፋሻችንን እንውጥ ነበር። ፍልሰታ ሲገባ፣ እናቴ ጾሟን እንዳትፈታ አባ ተስፋ ሽሮና ጎመኑን ራሳቸው ያመጡላት ነበር።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ አንድ የባንዳ አለቃ ወታደሮች አስከትሎ ረፋድ ላይ መጣ። አባ ተስፋ ፈጥነው ወጥተው በራችን ላይ ቆሙ።

«የሽፍታ ሚስት ደብቀዋል ይባላል» አላቸው።

«አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር አስጠግቻለሁ።»

«ያውጧቸው።»

«አላወጣም። ከወሰድህ አስቀድመህ እኔን ውሰድ፤ ለካቶሊክ ጌቶችህም የሃይማኖታችሁን ቄስ አስሬ መጣሁ በላቸው።»

እናቴ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ በበሩ ስንጥቅ ታይ ነበር። ሰውየው ሲያመነታ ቆይቶ፣ «ነገ ትእዛዝ ይዤ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ።

አባ ተስፋ ነገን አልጠበቁም። ያንኑ ዕለት በበቅሏቸው ጭነው፣ ከገበያተኛ ጋር ቀላቅለው ቆላ ድባ ወደምትኖር አንዲት መበለት ሰደዱን። እሳቸው ግን የትም አልሄዱም፤ በማግስቱ ያሰሯቸው እዚያው ቤታቸው ነው።

ጣሊያን ተሸንፎ አባቴ ሲመለስ፣ እጃቸውን ሊስም ጎንደር ወጣ፤ እስር ቤት መሞታቸውን ሰምቶ ወደ ቤት ገባ።

ያኔ አርበኛ ሲባል የሚታየኝ አባቴ ከነጠመንጃው ነበር። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ስለማውቃቸው አርበኞች ሲጠይቁኝ፣ ከአባቴ በፊት ባዶ እጃቸውን በር ላይ ስለቆሙት ቄስ እነግራቸዋለሁ።