የሁለት ሰው ሣጥን

ረዥም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ትንሽ ጎበጥ ብሏል፤ ስለዚህ ሽቦ ይሉታል። ሥራው ራድዮና ቴፕ መጠገን ነው። ነበር ማለት ይሻላል፤ በዚህ ዘመን ራድዮ አቅፎ ጠጋኝ ቤት የሚመጣ ሰው ከየት ይገኛል? ደንበኛ ሲጠፋ ሌላው ሱቁን ይዘጋል። ሽቦ ግን ማንም ያላዘዘውን መሥራት ጀመረ። ዕቃ ሁሉ ለምን ዝም ይላል ብሎ የተቆጨ ይመስል፣ እጁ የገባውን ነገር ሁሉ ያዘፍነው ጀመር።

መጀመሪያ የጠረጴዛውን መሳቢያ አዘፈነው። ሲጎተት ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል፣ ሲዘጋ እየወፈረ ይመለሳል። ቀጥሎ ጣት ሲነከርበት የሚያፏጭ የውሃ ሣህን ሠራ። ከዚያ በኋላ ያ የጉድ ወንበር መጣ፤ የተቀመጠበት ሰው በከበደ ቁጥር ድምፁ የሚወፍር ወንበር። ጎረቤቱ ጸጉር አስተካካይ ይሄን አይቶ ዝም ሊል ነው እንዴ? ተውሶ ወሰደውና ደንበኛ ማስቀመጫ አደረገው። አንድ ቀን አንድ ወፍራም ሰውዬ ገባ፣ ተቀመጠ፤ ወንበሩም መስታወቱ እስኪንቀጠቀጥ አገሳ። ሰውዬው ለጥቂት ታግሦ፣ ጢሙን በግማሽ ተላጭቶ፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ በንዴት ወጣ። ጸጉር አስተካካዩ ይሄን ባወራ ቁጥር እስከ ዛሬ ሆዱን ይዞ ነው የሚስቀው።

እነዚህ ሁሉ ሱቆች ያሉት አንድ አሮጌ ሕንፃ ሥር፣ ረዥም ኮሪደር ላይ ነው። ግራና ቀኝ የመስታወት በሮች ተፋጠው ቆመዋል። ከሽቦ በር ፊት ለፊት ያለው የልብስ ሰፊዋ ነው። እሷን ደግሞ መቀስ ይሏታል። ለመቀሷ እንዳይመስላችሁ፤ ለምላሷ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ሱሪ ስታሳጥር፣ ዚፕ ስትቀይር፣ መንገደኛውን ስትቆርጥ ስትቀጥል ትውላለች። ሽቦ መቀስን ይወዳታል። ኮሪደሩ በሙሉ ይሄን ያውቃል፤ የማታውቀው እሷ ብቻ ነች ይባላል። ያልተበላሸ ካውያዋን ተቀብሎ ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ይመልስላታል። «እንደምን አደርክ ጋሽ ሽቦ?» ካለችው በእጁ የያዘው ብሎን መሬት ወድቆ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ከዚያ ብሎን ፍለጋ ብሎ ለረዥም ጊዜ አይወጣም። ወይ ዓይን አፋርነት!

አንድ ሰኞ መቀስ በሩ ላይ ቆመች።

«እንግዲህ ልሄድ ነው ጋሽ ሽቦ» አለችው። «ታላቅ ወንድሜ እኛ ጋ መጥተሽ ኑሪ ብሎኛል። እዚያው ሱቅ ፈልጎልኛል። ቅዳሜ በከባድ መኪናው መጥቶ ዕቃዬን ይጭናል።»

ሽቦ ሰማይ ተደፋበት። አንድ ነገር ለማለት አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ።

«መንገዱ ጥሩ ነው ይላሉ» አላት።

አያችሁልኝ? ስንት ዓመት በልቡ ይዟት ሲዞር ኖሮ፣ ያገኘው ቃል ይሄ ነው። መቀስ ለጥቂት ጊዜ አየችውና «አስፋልት ነው» ብላ ሄደች።

ያን ሳምንት ሽቦ ከብስጭቱ የተነሣ አዲስ ነገር ሠራ። ከተጣለ ራድዮ ስፒከር አወጣ፣ ሁለት የናስ የበር እጀታ በሽቦ አያያዘ፣ ሁሉንም ሣጥን ውስጥ ከተተው። ይዞት ወደ ቤት ገባ። የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው። አንድ ጆሯቸው ከነገር ሁሉ የሚፈልጉትን ብቻ ይሰማል፤ ዓይናቸው ግን ምንም አያመልጠውም።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉት።

«የሁለት ሰው መሣሪያ ነው እማዬ። አንዱን እጀታ አንቺ ያዢ፣ አንዱን እኔ እይዛለሁ። በባዶው እጃችን ስንነካካ ይዘፍናል።»

«ስንለያይስ?»

«ዝም ይላል።»

እናት እጀታውን ያዙና በሌላው እጃቸው የልጃቸውን ጣት ነካ አደረጉት። ሣጥኑ በወፍራሙ «ህምም» አለ። ጠበቅ ሲያደርጉት ድምፁ ወደ ላይ ወጣ። እሳቸው በደስታ አፍንጫውን ቆነጠጡት፣ ጮኸ። ጆሮውን ጎተቱት፣ አለቀሰ። እንደ ልጅ ሳቁ። ከዚያ እጁን እንደያዙ፣ ምንም እንዳላሰቡ ሆነው፣

«ያቺ ልብስ ሰፊ ቅዳሜ ትሄዳለች አሉ» አሉት።

የሣጥኑ ድምፅ ሽቅብ ተምዘገዘገ። ጎረቤት ያለ ውሻ ጮኸ። እናት የልጃቸውን ፊት አዩ፣ ሣጥኑን አዩ።

«ትናንት ዝናብ ጥሎ ነበር» አሉ። ድምፁ ቀስ እያለ ወረደ።

«መቀስ።» ወጣ።

«ዝናብ።» ወረደ።

«መቀስ፣ መቀስ፣ ዝናብ!» አሉና በገዛ ልጃቸው ላይ ዜማ አወጡበት።

«እማዬ ተይ!» ብሎ እጁን ነጠቃቸው። «ላብ ነው። እጅ ሲረጥብ ኤሌክትሪኩን በደንብ ያሳልፈዋል፣ ያኔ ድምፁ ይቀጥናል። ሌላ ምንም የለበትም።»

«እሱማ ላብ ነው። ያላበህ ግን ሙቀት አይደለም» አሉት እናት። «ስማ፣ እኔ ሳልሞት አንድ ነገር ከአፍህ ይውጣ። ቅዳሜ ወይ አንተ ትናገራለህ፣ ወይ ይሄ ሣጥን ይናገርልሃል።»

እሳቸው ይሄን ብለው ቢተዉት ጥሩ ነበር። ግን በማግስቱ ረፋድ ላይ ወደ ሕንፃው ወረዱና የሣጥኑንና የላቡን ነገር ለጸጉር አስተካካዩ ሹክ አሉት። ለእሱ ሹክ ማለት በማይክ መናገር ማለት ነው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ከሰዓት ሠሪው እስከ ፎቶ ቤቱ ድረስ ሁሉም ሰማ፤ ቅዳሜ በመቀስ ሽኝት ላይ ሽቦና መቀስ እጅ ለእጅ ተያይዘው በአዲሱ መሣሪያ ይዘፍናሉ። ሽቦ ጨነቀው። እምቢ ቢል ለምን ይሉታል። እሺ ቢል በሰው ፊት እጅ ከፍንጅ መያዙ ነው። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ከመሄዷ በፊት አንዴ እንኳ እጇን መያዝ ፈልጎ ነበር። ይሄን ለራሱ እንኳ ያመነው ተደብቆ ነው።

ሲያስብ ውሎ አንድ ተንኮል መጣለት። ጓንት! ጓንቱ ላይ፣ ከመዳፉና ከጣቶቹ በኩል፣ ቀጭን የመዳብ ክር ይሰፋል። ክሩ በቀጥታ ከሣጥኑ ጋር ይያያዛል። የሱ እጅ ከውስጥ በጨርቅ ተሸፍኖ ቢፈልግ ይዋኝ፤ ሣጥኑ አይሰማውም። እጇን ይይዛል፣ የሚያጋልጠው የለም። ሰው ፈሪ ሲሆን እንዴት ብልህ ይሆናል መሰላችሁ!

ጓንትና የተላጠ ሽቦ ይዞ ሊሰፋ ተቀመጠ። ጣቱን ወጋ፣ ክሩን በጠሰ፣ ጓንቱን ቀደደ። እናቱን ሊጠይቅ አይችልም። በኮሪደሩ ላይ መርፌ የሚያውቅ ሌላ ሰው አንድ ብቻ ነው ያለው። ምን ያድርግ? መሬት መሬት እያየ ተሻግሮ ገባ።

መቀስ ዕቃዋን በካርቶን እየከተተች ነበር። ጓንቱን ተቀብላ አገላበጠችው።

«መዳብ በጨርቅ ላይ? ምንድን ነው ነገሩ?»

«ለቅዳሜው ነው» አለ ሽቦ።

«ጓንት ለምን አስፈለገ?»

እዚህ ላይ መዋሸት ነበረበት። ግን ሽቦ በሌላ ነገር ይዋሽ እንደሆነ እንጂ በሥራው አይዋሽም፤ ስለ ሽቦና ስለ ኤሌክትሪክ ሲጠይቁት ምላሱ ይፈታል።

«የኔ እጅ እንዳይቆጠር ነው። ኤሌክትሪኩ በመዳቡ ብቻ ያልፋል። ሣጥኑ የሚሰማው የእርስዎን እጅ ብቻ ነው።»

«የኔን ብቻ?»

«አዎ። እጅ ካላበው ይጮሃል፣ ደረቅ ከሆነ በወፍራሙ ያዜማል። የእርስዎ ደረቅ ስለሆነ ጥሩ ዜማ ይወጣዋል።»

«ያንተስ እጅ ምን ሆኖ ነው የማይቆጠረው?»

ሽቦ ጣሪያውን አየ። «የኔ… ትንሽ እርጥበት አለው።»

መቀስ መርፌዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች ብዙ ነገር ልትል ትችል ነበር። ምላሷን የሚያውቅ ሁሉ አሁን ቀለደችበት ብሎ በጠበቀ ነበር። እሷ ግን ቁጭ ብላ፣ ጥቅጥቅ አድርጋ፣ አንድ ክር ሳታጣምም ሰፋችለት።

ቅዳሜ ከሰዓት ከባዱ መኪና ሕንፃው በር ላይ ቆመ። የስፌት መኪናዋ፣ የመቁረጫ ጠረጴዛዋ፣ ካርቶኖቿ ሁሉ ተጭነው በገመድ ታስረዋል። ወንድሟ ትከሻው በሩን የሚሞላ ሰውዬ ነው። ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ «ሳይመሽ እንውጣ» ይላል። ኮሪደሩ ውስጥ ሰው ሞልቷል። የሽቦ እናት ከፊት ወንበር ይዘዋል፤ ጥሩውን ጆሯቸውን ወደ ሣጥኑ አዙረዋል። ጸጉር አስተካካዩ ማንም ሳይሾመው መድረክ መሪ ሆነ።

«ክቡራትና ክቡራን! የመቀስና የሽቦ የመጀመሪያና የመጨረሻ ዝግጅት!»

ሽቦ ጓንቱን አጠለቀ። «ለጥንቃቄ ነው» አለ ለማንም ሳይሆን። ውስጡ ያለው እጁ ገና ምንም ሳይነካ ላብ በላብ ሆኗል። መቀስ የናሱን እጀታ በግራዋ ያዘች። በቀኟ የሽቦን ጓንት ጨበጠች።

ሽቦ የጠበቀው ያንን ለስላሳ «ህምም» ነበር። ሣጥኑ ግን እሪ አለ! ቀጭን፣ ሹል፣ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት። የፎቶ ቤቱ ልጅት ጆሮዋን ደፈነች። ሰዓት ሠሪው መነጽሩን አወለቀ።

«አላበው! ሽቦ አላበው!» ብሎ ጸጉር አስተካካዩ ዘለለ። ኮሪደሩ በሳቅ ተናጋ። «ጓንት አድርጎም ይንጠባጠባል! ኧረ ሰው ሽቦን ያዙት!» እናት «እሰይ! እሰይ ልጄ!» እያሉ አጨበጨቡ።

ሽቦ አልሳቀም፣ አላፈረምም። ጓንቱን እያየ ደርቆ ቀረ። የሱ እጅ አይቆጠርም። እንዳይቆጠር አድርጎ የሠራው ራሱ ነው። ታዲያ ይሄ ሁሉ ጩኸት የማን ነው? ቀና ሲል መቀስ ዓይን ዓይኑን እያየችው ነው። ፊቷ እንደ ወትሮው ኮስተር ብሏል፤ እጇ ግን ጓንቱን ጠበቅ አድርጎ ይዞታል።

ወንድሟ ቁልፉን ማሽከርከር ተወ። «ምንድን ነው የሚሉት? ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» አለ ቆጣ ብሎ።

ሽቦ ያኔ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። በሰው ሁሉ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«የኔ እጅ ነው» አለ። «የኔ ላብ ነው፣ እሷ ምንም የለችበትም። ሳቁብኝ።»

«ውሸታም!» አለች መቀስ።

ሳቁ ቀጥ አለ። እጁን አልለቀቀችውም፤ ሣጥኑም መጮኹን አልተወም። ከጩኸቱ በላይ ተናገረች።

«ጓንቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። የሱ እጅ አይቆጠርም። ይሄ የኔ ላብ ነው፣ የኔ ብቻ! ስሰፋው አውቅ ነበር፣ ስመጣም አውቄ ነው የመጣሁት። ጤነኛ ካውያዬን ሲፈታ ሲገጥም ዝም ብዬ የማየው ጅል ስለሆንኩ ይመስላችኋል? ራሴ ነኝ እየወሰድኩ የምሰጠው! እወደዋለሁ። በቃ፣ ወጣልኝ።»

ጸጉር አስተካካዩ አፉን ከፍቶ ቀረ። እሱን ዝም ያሰኘ ነገር ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም አልታየም። መቀስ ወደ ሽቦ ዞረች። ዓይኗ እንባ ቋጥሯል፣ ምላሷ ግን አሁንም መቀስ ነው።

«የኔ ይኸው፣ አገር ሰማው። አንተ የራስህን ጓንት ውስጥ ደብቀህ መንገዱ ጥሩ ነው ብለህ ልትሸኘኝ ነው?»

ሽቦ ጎንበስ ብሎ ሣጥኑን አጠፋው። ኮሪደሩ ጭር አለ። ጓንቱን አወለቀ፤ እጁ ከውሃ የወጣ ይመስላል። ሱሪው ላይ ጠረገው፣ አልደረቀም፣ እንደ ረጠበ እጇን ያዘ።

«አትሂጂ» አላት። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማው ደገመው። «እወድሻለሁ። አትሂጂብኝ።»

ወንድሟ እህቱን አየ፣ ያንን ቀጭን ሰውዬ ከእግር እስከ ራሱ አየ፣ ከዚያ ወደ ውጭ ዞሮ በገመድ የታሰረውን ጭነት አየ።

«እሺ፣ ያን ሁሉ ዕቃ አሁን ማን ሊያወርደው ነው?» አለ።

ሽቦ ወደ መኪናው ሮጠ።