ከአገጯ ሥር የቀረው ቀዳዳ

ታናሽ ወንድሜ በኩላሊት ሕመም ከማለፉ በፊት በነበረው ክረምት የእናታችንን ራስ በሸክላ ጭቃ ሠርቶ ነበር። ሞጣ፣ በረንዳችን ላይ አስቀምጧት፣ "አትሳቂብኝ እንጂ" እያላት። ጭቃው ሳይተኮስ እንዲሁ ደረቀ። ውሎ አድሮ ከግንባሩ እስከ ጉንጩ ተሰነጠቀ።

እናቴ ደወለችልኝ። "ይኼ ነገር ሊፈርስ ነው። አንተ በኮምፒውተር ታስቀራለህ አሉኝ።"

እኔ ቢቸና ንድፍ አስተምራለሁ። አንድን ዕቃ ዙሪያውን ፎቶ አንስቼ፣ ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን እያመሳከረ የዕቃውን ገጽ መልሶ እንዲሠራ ማድረግ ተምሬያለሁ። ሞጣ ሄጄ የጭቃውን ራስ በጋቢ ጠቅልዬ ወደ ቢቸና ወሰድኩትና መስኮት አጠገብ በርጩማ ላይ አቁሜ ቀኑን ሙሉ ፎቶ ሳነሳው ዋልኩ።

ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ የነጥብ ክምር ብቻ ነበር። ነጥቦቹ ሲያያዙ አፍንጫዋ ወጣ፤ ሹሩባዋም ተለየ። አገጯ ሥር ግን ጥላ ስለነበር ፎቶው ምንም አልያዘም፤ ቀዳዳ ሆኖ ቀረ። ገልብጬ ማንሳት ነበረብኝ፤ እንዳይሰበር ፈራሁ። ፕሮግራሙ ቀዳዳ መድፈኛ አለው። ተጫንኩት። ልስልስ ብሎ ተደፈነ፤ አምሮም ታየኝ።

ስመልሰው ጉንደ ወይን አካባቢ መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ጭኔ ላይ ነበር የያዝኩት። ጋቢውን ብፈታው ስብርባሪ ሆኗል።

እናቴ አልተቆጣችም። ላፕቶፑን ስከፍትላት መነጽሯን አድርጋ ተጠጋች።

"አዎ፣ እኔ ነኝ። እስኪ ከሥሩ አሳየኝ።"

አዞርኩላት። አገጩ ሥር በጣቷ ጠቆመች።

"እዚህ ጋ የወንድምህ አውራ ጣት ምልክት ነበር። አገጩን ቀና ሲያደርግ የተጫነው። እኔም ጣቴን እዚያ አስገባ ነበር። የት ሄደ?"

"ፎቶው አልያዘውም። ኮምፒውተሩ ነው የሞላው" አልኳት። ወዲያው አፈርኩ። "እኔ ነኝ የሞላሁት። ጎደሎው አስጠልቶኝ።"

"አላወቅህም፣ ልጄ" አለችኝ። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ስብርባሪውን ሰፌድ ላይ ዘርግተን አንድ በአንድ ፈለግን። የጣቱ ምልክት ያረፈበት ቦታ ዱቄት ሆኗል።

በማግስቱ የሞላሁትን አጥፍቼ ቀዳዳውን እንደነበረ መልሼ አሳየኋት።

"ይሻላል" አለች እናቴ። "የሌለው እንደሌለ ይታወቅ።"

ከዚያ ወዲህ አሳየኝ ብላኝ አታውቅም።