ችካል ጠረጴዛ ሥር

የመዋዕለ ሕፃናቷ መምህርት ሥራ የጀመረች ሰሞን ልጅ ያለ ቁጣ ይታረማል ብላ ታምን ነበር። አሁን የምታምነው የጉሮሮ ከረሜላን ብቻ ነው። ለዚህ ያበቃት አንድ የአራት ዓመት ፍጥረት ነው፤ ችካል ትለዋለች። «አንተ፣ ና!» ስትለው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ሊያወጣው እጁን የሰደደውን ሁሉ ይነክሳል። በልምምጥ ሞከረች፣ በጩኸት ሞከረች፣ ተለጣፊ ኮከብ ሰጠችው፤ ኮከቡን በላው። ሥልጠና ላይ «ችግሩን ከሥሩ ፈልጉ» ተብለው ነበር። እሷም ፈልጋ ያገኘችው እዚያው ጠረጴዛ ሥር ነው።

ዛሬ የነከሰው የረዳቷን አውራ ጣት ነው። ዳይሬክተሯ ከዚህ በፊት አስጠንቅቃ ስለነበር «በቃ፣ ከነገ ጀምሮ እንዳይመጣ» አለች። መምህርቷ በሆዷ እሰይ አለች። ወዲያው ግን አባትየው ጎሚስታ መሆኑ፣ ልጁን የሚያውልበት ሌላ ቦታ አጥቶ በጎማና በክሪክ መሃል ሊያስቀምጠው መሆኑ ትዝ አላትና እሰይታዋ ተነፈሰ። ማዘኗ ራሱ አናደዳት።

አባትየው የልጁን ታላቅ እህት አስከትሎ፣ እስከ ክርኑ ግሪስ ነክቶት መጣ።

«ምን አጠፋ ቲቸር?»

«ያላጠፋውን ይጠይቁኝ! እዚያ ሥር ነው፤ ከቻሉ ያውጡት።»

ጎሚስታው በርከክ ብሎ በዚያ ጎርናና ድምፁ «ነይ እናቴ፣ ነይ የኔ እመቤት» አለ። ችካል ተነቅሎ እየሳቀ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። አባትየው ደግሞ ወደ ሴት ልጁ ዞሮ «አንተ ጎበዝ፣ ቦርሳውን ያዝ» አላት።

መምህርቷ ክው አለች። «ሁልጊዜ በሴት ነው የሚጠሩት?»

«ሳቆላምጠው ነዋ! እሷን ደግሞ በወንድ። እሱን ‹አንተ› የምለው ስቆጣ ብቻ ነው።»

እርር ድብን አለች። ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደርክ» ስትለው እንኳ ስትቆጣው ኖራለች! ይህን የሚነግራት አንድ ሰው ይጥፋ?

«አንዴ ይታገሱኝ» አለቻት በሩ ላይ የቆመችውን ዳይሬክተር። አባትየው ልጁን መሬት ሲያወርደው ተመልሶ ጠረጴዛው ሥር ገባ። መምህርቷ ጉልበቷ እየተንቋቋ፣ በሰው ፊት እያፈረች ተንበረከከች።

«ነይ እስቲ፣ የኔ ቆንጆ።»

ትንሽ ቆይቶ ጭንቅላቱ ብቅ አለ። አልነከሳትም። ፊቷን በጥርጣሬ አየት አየት አደረገና ባልታጠበ እጁ ጉንጯን ነካ አደረገው።

«ቲቸር፣ ተቆጥተህ ጨረስክ?»

ዳይሬክተሯ «ጨረስሽ ነው የሚባለው» ብላ ልታርመው አፏን ስትከፍት መምህርቷ በእጇ ምልክት አስቆመቻት።

«ጨረስኩ» አለችው። «ነገ በጊዜ ነይ፣ እሺ?»