ሂሮሺማን ይዘን ኮምቦልቻ ወረድን

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ኩታበር

የተነሣነው ጉሙ መንደሩን ሳይለቅ ነው። የሰይድ የጭነት መኪና ምስር ጭኖ መንገድ ዳር ቆሟል፤ መብራቱ ጉሙን ጥቂት ክንድ ያህል በስቶ እዚያው ይጠፋል። ከሾፌሩ ከሰይድ ጎን ሦስት ሆነን ተጣበቅን፤ እኔ፣ ተማሪዬ ዘሀራና አባቷ አያ ይመር። እኔ የታሪክ መምህርት ነኝ። ዘሀራ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ በሚደረገው የትምህርት ቤቶች ክርክር የእኛን ትምህርት ቤት ወክላ ትቆማለች። አያ ይመር ገበሬ ናቸው። «ልጄን ብቻዋን ቆላ አልሰድም» ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ።

ይህን ማስታወሻ የጻፍኩት በዚያው ሳምንት ነበር። ዘመኑ የደርግ ነበርና ለአንባቢ ላሳየው አልደፈርኩም፤ ደብተሩ ሣጥን ውስጥ ከልብሴ ሥር ብዙ ዓመት ተኛ።

መንገዱ አይታይም። አንዳንዴ የባሕር ዛፍ ጫፍ ብቅ ይልና መልሶ ይሰጥማል። አንዴ ደግሞ አንዲት በቅሎ ከነጫነቷ ከመስኮታችን አጠገብ ታየች፤ እግር የሌላት፣ በነጭ ውኃ ላይ የምትንሳፈፍ ትመስላለች። እንቅልፍና ንቃት መሐል ሆኜ የአያ ይመርን ድምፅ ሰማሁ።

«መምህሪት፣ የክርክሩ ነገር ግን ምንድን ነው?»

«ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያልቅ ሲል አሜሪካ በጃፓን ላይ ሁለት የአቶም ቦምብ ጣለች፤ ሂሮሺማና ናጋሳኪ በሚባሉ ከተሞች። ጦርነቱን ለመጨረስ የግድ ያስፈልግ ነበር ወይስ አያስፈልግም ነበር? ጥያቄው ይኸው ነው።»

«ከተማው ውስጥ የነበረው ወታደር ነው?»

«ወታደርም ነበር። የሚበዛው ግን ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ሽማግሌው ነው።»

«አስተግፊሩላህ። ጦርነቱስ አለቀ?»

«ብዙ ቀን አልቆየም፤ አለቀ።»

ሰይድ ማርሽ ቀየረ፤ መኪናው አቃሰተ።

«የኔዋ በየትኛው በኩል ነው የምትቆም?»

«ያስፈልግ ነበር በሚለው። በዕጣ ደርሷት ነው።»

አያ ይመር ልጃቸውን አዩዋት። ዘሀራ ግን ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነበር።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፤ ደሴ

ደሴ ደረስን ቢሉኝ ማመን አቃተኝ። ጦሳ ተራራ የለም፤ ሰማይም የለም። ያለው ድምፅ ብቻ ነው፤ የጋሪ ጎማ፣ የመኪና ጥሩምባ፣ «ጎራ በሉ» የሚል የሻይ ቤት ጥሪ። ሰይድ ጭነቱን የሚያስመዘግብበት ጉዳይ ስለነበረው ሰኞ ገበያ በሚባለው ሠፈር አወረደን። በርበሬና እርጥብ ከረጢት የሚሸትበት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ሰው ከሰው ይጋፋል። አንድ ሻይ ቤት ደጅ ከተደረደሩት አግዳሚዎች በአንዱ ላይ ተቀምጠን ትኩስ ፉል በዳቦ በላን፤ ቃሪያው ዓይን ያስለቅሳል።

አያ ይመር ግን ሁለት ጉርሻ እንኳ አልጎረሱም። ከተማው ወታደር በወታደር ነው፤ ወደ ሰሜን የሚሄድም፣ ከሰሜን የሚመለስም አለ። ክራንች የያዘ ወይም ክንዱ የታሠረ ወታደር ባለፈ ቁጥር ብድግ ይላሉ።

«አሰላሙ አለይኩም ልጄ። ከግንባር ነህ? አሕመድ ይመር የሚባል፣ ረዘም ያለ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው፣ የኩታበር ልጅ…»

አሕመድ የዘሀራ ታላቅ ወንድም ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ደብዳቤው ከቆመም ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት እየመጣ ነው። ወታደሮቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዱ ብቻ «አብሽሩ አባባ፣ ይመጣል» አላቸውና ጉሙ ውስጥ ገባ።

ዘሀራ አባቷን እያየች «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?» አለችኝ።

«ንገሪኝ።»

«ዕጣው ባይደርሰኝም ይህንኑ ወገን ነበር የምመርጠው። ማታ ማታ አስበዋለሁ። የሆነ ነገር የሆነ ቦታ ወድቆ ጦርነቱ ነገ ቢያልቅ፣ አሕመድም ከነገ ወዲያ በዚያ መንገድ ቢመጣ፣ እምቢ እል ነበር? አልልም። ወላሂ አልልም።» ዳቦዋን ቆረሰችና ሳትበላው አስቀመጠችው። «ኃጢአት ነው አይደል?»

የታሪክ መምህርት ነኝ፤ ቀኑንና ቦታውን፣ ማን ፈርሞ ማን እንዳዘዘ አውቃለሁ። ያኔ ግን የሻይ ብርጭቆዋን ወደ እሷ ገፋሁላት። «ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ» አልኳት።

አራት ሰዓት፤ ቁልቁል

ኬላው ላይ ጠባቂው የይለፍ ወረቀታችንን ተራ በተራ ገለባበጠ።

«ለምን ጉዳይ ነው?»

«ለክርክር» አልኩ።

«የመሬት ነው የውርስ?»

ሰይድ ሳቁን መያዝ አልቻለም። «የጃፓን ነው ወንድሜ!» አለ። ጠባቂው ግራ ገብቶት ገመዱን ዝቅ አደረገልን።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሕልም ነው። አንድ ኩርባ ላይ ጉሙ እንደ መጋረጃ ተከፈተና ዓለም ከሥራችን ታየች፤ ቢጫ ማሳ፣ ብልጭ የሚል የቦርከና ወንዝ ውኃ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሩቅ የፋብሪካ ጭስ። በየኩርባው አየሩ ይሞቃል። አያ ይመር ጋቢያቸውን አወለቁ፤ እኔ ሹራቤን። ጆሮዬ ተደፍኖ የመኪናው ጩኸት ከሌላ አገር የሚመጣ መሰለኝ። ዘሀራ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ተኛች።

ሰባት ሰዓት፤ ኮምቦልቻ

አዳራሹ የፋብሪካ ሠራተኞች መሰብሰቢያ ነው። ሙቀቱ ከጣሪያው ይወርዳል፤ ተማሪዎች በደብተር ያራግባሉ። ገና በሩ ላይ ካኪ የለበሰ ካድሬ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ጠበቀኝ።

«ጓድ መምህርት፣ ተማሪሽ ኢምፔሪያሊዝምን ልትከላከል ነው የመጣችው?»

«ዕጣ ነው ጓድ። አንዱ ወገን ያንን መያዝ አለበት።»

«ዕጣም ቢሆን አጥብቃ እንዳትይዘው ንገሪያት። ለሷም ላንቺም ይበጃል።»

ወደ ዘሀራ ሄድኩ። ነጠላዋን እያስተካከለች ቀና ብላ ፈገግ አለችልኝ። አልነገርኳትም። ድፍረት ይሁን ፍርሃት ዛሬም አላውቀውም።

ክርክሩ ተጀመረ። ዘሀራ ስትናገር ያቺ ጉልበቷ ላይ ወረቀት የዘረጋች ልጅ አልነበረችም። ጃፓን እጅ አልሰጥም ብላ እንደነበር፣ በየደሴቱ የሞተውን፣ ወረራ ቢካሄድ ከሁለቱም ወገን ሊያልቅ የሚችለውን ሕዝብ አነሣች። «ጦርነት በየቀኑ ይገድላል» አለች። «አንድ ቀን ባጠረ ቁጥር የአንድ ሰው ልጅ ቤቱ ይገባል። ደጅ ደጁን የምታይ እናት፣ ያስፈልግ ነበር ወይ ተብላ ብትጠየቅ ምን ትላለች?» ከኋላ አንዲት ሴት በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች።

የኮምቦልቻዋ ተከራካሪ ትዕግሥት ትባላለች፤ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ። ጃፓን መርከቦቿ ሰጥመው፣ ከተሞቿ ነደው፣ አስታራቂ እየፈለገች እንደነበር ተናገረች። ሶቪየት ኅብረትም ጦርነት እንዳወጀችባት ስትጨምር ካድሬው አጨበጨበ። ትዕግሥት ጭብጨባው እስኪበርድ ቆየችና «ደግሞስ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «የመጀመሪያው አስፈለገ እንበል። ሁለተኛውን በሦስተኛው ቀን ምን አስቸኮለው?»

ዘሀራ ለዚህም መልስ ሰጠች። ሚዛኑ ወደ እኛ ያጋደለ መሰለኝ።

ቀጥሎ የታዳሚ ጥያቄ ሆነ። ሁለት ተማሪዎች ጠየቁ። ሦስተኛ የተነሡት አያ ይመር ናቸው። ሥርዓቱን አያውቁም፤ ማንም ሳይፈቅድላቸው ቆሙ።

«ልጄ፣ ደግ ተናገርሽ። እኔ ማይም ነኝ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። አሕመድ ያኔ እዚያ ከተማ ውስጥ ቢሆንስ?»

ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። ዘሀራ አፏን ከፈተች፤ ዘጋች። ወረቀቷን አገላበጠች። ከአንድ ደቂቃ በላይ ቆመች፤ የሚሰማው የደብተር ማራገቢያ ብቻ ነበር።

«አላውቅም አባዬ» አለችና ተቀመጠች።

ዳኞቹ ለኮምቦልቻ ፈረዱ። ካድሬው አልፎ ሲሄድ ፈገግ አለልኝ። ያኔ ደረቴ ቅልል አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ በራሴ አፈርኩ። ትዕግሥት ግን ሽልማቷን ሳትቀበል መጥታ ዘሀራን አቀፈቻት። «የኔም ወንድም ግንባር ነው» ስትላት ሰማሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፤ ሽቅብ

ሰይድ ምስሩን አራግፎ ጨው ጭኗል። ደሴን ሳናቆም አለፍናት። ጉሙ ከቀትር በኋላ ተመልሶ ወርዷል፤ ቆላው፣ አዳራሹ፣ ጭብጨባው ሁሉ ከኋላችን አንድ በአንድ ተሰወረ።

«አባዬ፣ አሳፈርኩህ?» አለች ዘሀራ።

አያ ይመር ያወለቁትን ጋቢ መልሰው ተከናነቡ።

«አንቺን ለመርታት አልነበረም የጠየቅሁሽ» አሉ። «ቸግሮኝ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሰላቱ ‹ያ አላህ፣ በምንም ይሁን በምን ጦርነቱ ይለቅ› እያልሁ ዱዓ አድርጌያለሁ። በምንም ይሁን በምን! አንቺ ስትናገሪ የሰማሁት የራሴን ዱዓ ነው። እዚያ ከተማም የሰው አባት ነበር አይደል? እሱም ልጄን መልስልኝ እያለ ይሆናል።»

ዘሀራ እጃቸውን ያዘች። ሰይድ የመኪናውን ራዲዮ ዘጋው።

አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ኩታበር

የዘሀራ እናት መንገድ ዳር ቆመው ነበር። ልጃቸው ገና እንደወረደች ልብሷን፣ ትከሻዋን ዳበሱ።

«ተሸነፍኩ እማዬ።»

«ቤትሽ ገባሽልኝ አይደል? አልሀምዱሊላህ!»

ከመስጊዱ የመግሪብ አዛን ተሰማ። አያ ይመር ቤት አልገቡም፤ ጓሮ ዞረው ታጥበው ውዱእ አደረጉና ሣሩ ላይ ሰገዱ። እኔ ከደጅ ቆሜ ዘሀራ ውኃ እስክታመጣልኝ እጠብቃለሁ። ሰግደው ሲጨርሱ እጆቻቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ጉሙ እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። ከንፈራቸው ግን አይንቀሳቀስም። ዘሀራ ውኃውን ይዛ መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ ጠጥቼ ጣሳውን መለስኩላት። አባቷ እጃቸውን እንደዘረጉ፣ ሌላ ቃል እየፈለጉ፣ እዚያው ነበሩ።