ካልሲ ለጦር ግጥም አይሆንም ያልኩት እኔ ነኝ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ ሚዛን፣ በሕይወቴ ትልቁን ጭብጨባ አገኘሁ። ከደቂቃ በኋላ ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ... ሁለቱም በአንድ ግጥም ሰበብ ነው።

የአማርኛ መምህር ነኝ። የትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍ ክበብ ኃላፊም ነኝ፤ ሌላ የፈለገው ሰው ስላልነበረ። በጦር ግጥም የሚስተካከለኝ የለም ይባላል (ባዩ እኔው ነኝ)። ጠመንጃ ይዤ አላውቅም። ያየሁት ከባድ ፍልሚያ ቢኖር በበዓል ዋዜማ ቴፒ መናኸሪያ የሚኒባስ ወንበር ለመያዝ የተደረገው ነው፤ እሱንም ተሸንፌ በማግስቱ ነው የተሳፈርኩት።

ታደሰ የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ነው። የሸኮ ልጅ ነው፤ ግንባር ቆይቶ እግሩን ቆስሎ ተመለሰ። ስለ ጦርነቱ አንድም ቀን አውርቶኝ አያውቅም። ባለፈው ወር ግን ከደብተር የተገነጠለች አንዲት ገጽ አምጥቶ ሰጠኝ።

«መምህር፣ ለክበቡ የግጥም ፕሮግራም ነው። እኔ ሰው ፊት መቆም አልችልም፣ እርስዎ ያንብቡልኝ። ፊደሉን ብቻ ይዩልኝ።»

እኔ ደግሞ ፊደሉን ብቻ አይቼ የምተው ሰው አይደለሁም።

ወረቀቱን ስገልጠው ዝናብ፣ ጭቃ፣ ማርቆስ የሚባል ጓደኛውና... ካልሲ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ካልሲ! የጦር ግጥም ውስጥ! አዘንኩለት። ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ አቃናሁለት። ካልሲውን አውጥቼ ጎራዴ አስገባሁ። «ማርቆስ» የሚለው ስም ምጣኔውን ስላደናቀፈብኝ በ«አንበሳው» ተካሁት። አጀማመሩ እንዲህ ሆነ፦

«ሰማዩ ሲያጓራ፣ ምድር ሲርድ ከሥሩ፣
አንበሳው ጓዴ ሲያገሳ ተናወጠ ሸንተረሩ!»

ለታደሰ አላሳየሁትም። በደስታ ላስደነግጠው ነበር ሐሳቤ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ልገባ ስል ታደሰ በር ላይ ጠበቀኝ። አጠገቡ አንዲት እናት ቆመዋል፤ የፕላስቲክ ጫማቸው ላይ የመንገዱ ጭቃ ገና አልደረቀም።

«የማርቆስ እናት ናቸው» አለኝ። «ከሸኮ ነው የመጡት። አስከሬኑ አልመጣላቸውም። ስሙ ሰው ፊት ሲጠራ ልስማ ብለው ነው።»

ሴትዮዋ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። እኔ ኪሴ ውስጥ ያለውን ወረቀት አሰብኩ... ማርቆስ የሚል ቃል ለመድኃኒት እንኳን የለበትም።

የታደሰ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እሱን ማውጣት ነበረብኝ። ግን ሁለት ቀን የለፋሁበት ጎራዴ አሳሳኝ። «አንበሳው ስል ልጃቸው መሆኑ ይገባቸዋል» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሰው ራሱን ለመሸንገል መቼም ቃል አያጣም።

ወጣሁና አነበብኩ። ማንበብ ብቻ ቢሆን ጥሩ... ፎከርኩ። መድረኩን በእግሬ ደበደብኩት። ተማሪዎቹ አፏጩ፣ አንዷ መምህርት እልል አለች፣ ርዕሰ መምህሩ ቆመው አጨበጨቡ። እኔም እጅ ነሳሁ። ሁለት ጊዜ።

ጭብጨባው በረድ ሲል የማርቆስ እናት ከፊት ወንበር ላይ እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ።

«ጥሩ ነው መምህር፣ እግዜር ይስጥህ» አሉኝ ረጋ ብለው። «የኔ ልጅስ መቼ ነው?»

ለካ የልጃቸው ተራ አልደረሰም ብለው እየጠበቁ ኖሯል።

ታደሰን አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ኩል ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች የሚሏት ሴትዮ እኔ ነኝ... እሷስ የራሷን ዓይን ነው ያጠፋችው።

«አሁን ነው እናቴ» አልኳቸው። ቦርሳዬን ከፍቼ ወረቀቱን አወጣሁና ታደሰ ዘንድ ሄድኩ።

«ታዴ፣ እባክህ አንተ አንብበው። እኔ አበላሽቼብሃለሁ።»

ሰው ፊት መቆም የማይችለው ታደሰ እያነከሰ ወጣ። ገጿን ፊቱ ዘረጋት። ወረቀቱን ግን አንዴም አላየውም፤ በቃሉ ነበር፦

«ዝናብ ነበር፣ ጭቃ ነበር፣ ጫማዬ ውኃ ሞላ፣
ማርቆስ ካልሲውን ሰጠኝ፣ አለኝ ብሎ ሌላ።
ሌላ እንዳልነበረው በኋላ ነው ያወቅሁት፣
እግሩ ባዶ ነበር ጫማውን ሳወልቅለት።»

«ማርቆስ» ያለ ጊዜ እናትየው «አቤት!» አሉ። ጮክ ብለው... በልጃቸው ፈንታ።

ማንም አላጨበጨበም። እኔ ግድግዳ ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እናትየው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ ቆዩና ድንገት ሳቅ አመለጣቸው። «ካልሲ? ማርቆስ? ለወንድሞቹ እንኳን አይሰጥም ነበር እኮ!» ታደሰም መድረክ ላይ እንደቆመ ሳቀ፤ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ «ድገመው» አሉት። ደገመው። እንደገናም «አቤት» አሉ።

ስንሸኛቸው ጉንጬን ሳሙኝና «አንተም በርታ፣ ትለምደዋለህ» አሉኝ። ክበቡ ውስጥ እንዲህ ያለ አጭርና ትክክለኛ ሂስ ሰምቼ አላውቅም።

በየጠዋቱ የስልሳ ተማሪ ስም ጠርቼ ሥራ የምጀምር ሰውዬ... ለአንድ ስም ቦታ አጣሁ።