እምቢ ያሉት ይምጡ

በዚያ ስፌት ቤት ውስጥ ቆማ የምትውል ሴት አንዲት ብቻ ነበረች። ሌሎቹ በየመኪናቸው ላይ አጎንብሰው ሲሰፉ፣ እርሷ ከረጅሙ የመቁረጫ ጠረጴዛ ፊት ትቆማለች። ጣቃው ተፈትቶ ጨርቁ ሲነጠፍ በመዳፏ ዳበስ ዳበስ ታደርገዋለች። ከዚያም ከካርቶን የተቆረጡትን ልኮች፣ የፊቱን፣ የጀርባውን፣ እጅጌውንና ኮሌታውን፣ ታስቀምጣለች፤ ታነሣለች፤ አዙራ ታስቀምጣለች። ፈጣሪ ለእያንዳንዱ እጅ የየራሱን ጸጋ አድሎታልና የእርሷ ጸጋ ይህ ነበር። ከመቀሷ ሥር የሚወድቀው ብጣሽ አሻንጉሊት እንኳ አያለብስም ይሉ ነበር። ስሟን የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። ትልቁም ትንሹም የሚያውቃት «መቀሷ» በሚል ነው።

ይህን ጸጋ ያገኘችው ግን በፍርሃት በኩል አልፋ ነው። ለማጅ ሳለች አንድ ቀን የእጅጌውን ልክ መገልበጥ ረስታ፣ ለአንድ ሙሉ ትእዛዝ የሚሆን ግራ እጅጌ ብቻ ቆረጠች። የዚያን ጊዜው አለቃ የጨርቁን ዋጋ ከደመወዟ እየቆረጠ አስከፈላት። ዕዳው አለቀ፤ ፍርሃቱ ግን አላለቀም። ከዚያ በኋላ መቀስ ባነሣች ቁጥር ልኮቹን ደጋግማ እየቆጠረች ብዙ ዘመን ኖረች። ስለዚህ ጠረጴዛው በእርሷ እጅ ሲገባ የመጀመሪያ ሥራዋ አድርጋ የያዘችው ለለማጆች ትንንሽ የወረቀት ልኮች መቁረጥ ነበር። መሐረብ በምታህል ብጣሽ ላይ ጨርቅ እንዳይባክን አጠጋግተው ይደረድሯቸዋል፤ ሲሳሳቱ ያነሧቸዋል፤ እንደገና ይደረድራሉ። የሚቆጣ የለም፤ የሚከፈልም የለም።

ነገሩ ሳይታሰብ የምሳ ሰዓት ጨዋታ ሆነ። ሰፊዎቹ ሁሉ ከበው «ኮሌታውን ወደዚያ ግፊው፤ አይ አንቺ፣ ዐይንሽ የት ነው?» እየተባባሉ ይሟገታሉ። ከመቀሷ ጋር አብራ ያረጀችው ሰፊ፣ ምላሷ የማያርፈው፣ አንድ ቀን ወረቀቱን እየሰበሰበች እንዲህ አለች፦

«ይኼ ነገር ስልክ ላይ ቢሆን እኮ ባሌ ራት እንኳ አያገኝም ነበር።»

ሁሉም ሳቁ። መቀሷ ግን አልሳቀችም፤ ነገሩ ልቧ ውስጥ ገብቶ ነበር። የትም ያለች ለማጅ ሴት፣ ማንም ሳይቆጣት፣ ምንም ሳትከፍል ተሳስታ ተሳስታ የምትማርበት ጠረጴዛ በየሰው ኪስ ውስጥ እንዲገባ ፈለገች። ከዚያች ቀን ጀምሮ በዕለት ጸሎቷ ውስጥ ይህን ጨመረችበት።

ለሥራው የምትከፍለው ስለሌላት በፈቃዳቸው የሚሠሩላትን ትፈልግ ጀመር። ልብስ ሊያስቆርጥ የመጣውን፣ የጎረቤቷን ልጅ፣ ስልክ ጠጋኙን፣ የእኅቷን አማች፣ እግሯ እስኪቀጥን ዞራ ለመነች። አብዛኞቹ ደስ እያላቸው ተቀበሏት። አንዱ «እሺ» አላት። ሌላው «ዐይኔን ግንባር ያድርገው» አላት። ስልክ ጠጋኙማ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ይኼንንማ ለአንቺ ካልሠራሁ ለማን ልሠራ ነው?» ብሎ ነበር።

የተቀጣጠሩበት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። የስፌት ቤቱን ባለቤት አስፈቅዳ ክፍሉን ጠረገች፤ ወንበሮቹን በጠረጴዛው ዙሪያ ደረደረች። ሰዓቱ አለፈ። ከሰፊዋ ጓደኛዋ በቀር የመጣ አልነበረም። ስልክ ጠጋኙ ዘንድ ብትደውል «መንገድ ላይ ነኝ፤ ደረስኩ» አላት፤ ከኋላው ግን ሕፃን ሲታጠብ የሚያሰማው ልቅሶና የውሃው መንቦራጨቅ ቁልጭ ብሎ ይሰማ ነበር።

«መንገዱ ጎርፍ ሳይሆን አይቀርም» አለች ሰፊዋ።

መቀሷ ከባዶዎቹ ወንበሮች ባንዱ ላይ ተቀመጠች። ሊያታልላት ያሰበ ማንም አልነበረም፤ እሺ ያሉት ሁሉ ፊቷ እንዳይጠቁር ብለው ይሉኝታ ይዟቸው ነበር። እርሷም ራሷ ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ሁሉ እንዲሁ ስታደርግ ኖራለችና ልትፈርድባቸው አልቻለችም። ነገር ግን በይሉኝታ የተነጠፈ ጨርቅ ላይ መቀስ እንደማይገባ አየች።

«እስቲ ልጠይቅሽ» አለች ሰፊዋ፣ ወንበሮቹን መልሳ እየደራረበች። «ከዚህ ሁሉ ሰው እምቢ ያለሽ አንድም የለም?»

«ሁለት አሉ።»

«ምን አሉሽ?»

መቀሷ ከወንበሩ ተነሣች። የሁለቱን ንግግር ቃል በቃል ታስታውሰው ነበር። እሺ ካሉት ግን የአንዱም ቃል ትዝ አላላትም። «አስበውበታል» አለች በመጨረሻ። «እምቢ ያሉኝ፣ ሥራውን አስበውት ነው።»

ሰኞ ዕለት ፈቃድ ጠይቃ ወደ አንድ የመድን ድርጅት ሄደች። እዚያ ፕሮግራም የምትጽፍ፣ ቀድሞ ቀሚስ ያስቆረጠች ወጣት ሴት ነበረች። መቀሷን ከበሩ ላይ ስታያት ፊቷን አጨፈገገች።

«እትዬ፣ እምቢ ብዬሻለሁ እኮ።»

«ለዚያ ነው የመጣሁት። ለምን እንዳልሽኝ ድገሚልኝ።»

«ቅርጾቹ ቀጥ ያሉ አይደሉማ። እጅጌው ጎባጣ ነው። ሰው በጣቱ ሲያዞረው ከኮሌታው ጋር ተነካካ አልተነካካ ብሎ ማስላት ቀላል ይመስልሻል? ወራት ይፈጃል። ለአንድ ሰው አይሆንም፤ ለእኔም አይሆንም።»

«አየሽ፤ ሌሎቹ እጅጌ ጎባጣ መሆኑን እንኳ አላሰቡም» አለች መቀሷ፣ ወንበር ስባ እየተቀመጠች። «እሺ እንድትይኝ አልመጣሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተሽ እምቢ እያልሽኝ ትሠሪያለሽ?»

ወጣቷ ሳቋ አመለጣት። ሳቋን ስትጨርስ ብዕር አንሥታ ጎባጣውን መሥመር ወረቀት ላይ ትሞክረው ጀመር።

ሁለተኛው የሱቅ ታፔላ የሚሥለው ሰውዬ ነበር። በቀለም በተዥጎረጎረ ክፍሉ ውስጥ መሰላል ላይ ወጥቶ አገኘችው።

«እኅቴ፣ በነፃ አልሠራም አልኩሽ» አለ ሳይወርድ። «በነፃ የሠራሁለት ሰው ሁሉ ከከፈለው ይበልጥ ይነተርከኛል። ፊደሉ ወፈረ፣ ቀለሙ ደበዘዘ፣ ይላል።»

«እኔም እነተርክሃለሁ።»

«ጭራሽ?»

«አንተም ትነተርከኛለህ። ያን ጊዜ እንተካከላለን።»

ሰውዬው ከመሰላሉ ላይ ቁልቁል ብዙ ተመለከታትና ብሩሹን የቀለም ቆርቆሮው ውስጥ ዘፈቀው። ቅዳሜ ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው እርሱ ነበር።

ለቡድኑ መቀሷ አንዲት ሕግ ብቻ አወጣች፤ ባዶ «እሺ» የተናገረ ለሁሉም ሻይ ይገዛል። የታፔላው ሠዓሊ ደንበኞቹን እሺ የማለት ልማዱ አልለቀው ብሎ ብዙ ሻይ ገዛ። ሰፊዋ ወፍራም ጣቶቿን ይዛ ጨዋታውን የምትሞክርላቸው ሆነች፤ «በዚህ ጣት ካልተንቀሳቀሰ ለሰው አይሆንም» እያለች ታስጨንቃቸዋለች። የሚያከራክራቸው አልጠፋም። አንድ ቀን ፕሮግራም ጸሐፊዋ፣ ተጫዋቹ ሲሳሳት ስልኩ ቀይ ሆኖ እንዲጮኽ አድርጋ አመጣች።

«እምቢ» አለች መቀሷ።

«ሁሉም ጨዋታ እንዲህ ነው፣ እትዬ።»

«ይጩኻ፤ የኛ አይጮኽም። በእኔ ላይ የተጮኸው ይበቃል።»

ወጣቷ ተከራከረች፤ ተቆጣችም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሌላ ነገር ይዛ መጣች። ተጫዋቹ ሲሳሳት ልኩ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ የተጨማደደው ጨርቅ እጅ እንደዳበሰው ሁሉ ይዘረጋል፤ ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል። መቀሷ ደጋግማ ሆነ ብላ ተሳሳተች። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሥራው ከግማሽ ሲያልፍ ወሬው ታላቅ ወንድሟ ዘንድ ደረሰ። ወንድሟ የቢሮ ሰው ነው፤ ማንንም ፊት የማይነሣ፣ በእሺታው የተወደደ። አንድ እሑድ የስልክ ጨዋታ የሚሠራ ድርጅት ባለቤት የሆነ እንግዳ ይዞ ወደ ቤቷ መጣ። እንግዳው በትሕትና ተቀመጠ፤ ጨዋታውን ከስልኳ ላይ ተጫወተ፤ ማድነቁም የልቡ ነበር።

«ይኼ ይሸጣል እትዬ» አለ። «እኛ ከእናንተ እንግዛው። ለሦስታችሁም ደመወዝ እንቆርጥላችኋለን። አንዲት ነገር ብቻ ናት የምናሻሽለው። ሰው ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ጨዋታው ይቆምበታል። መቀጠል ከፈለገ ትንሽ ይከፍላል።»

«ስለተሳሳተ?»

«ለመቀጠል በሉት።»

መቀሷ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣመረች። «እምቢ» አለች።

እንግዳው ስልኳን መለሰላት። ወንድሟ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ማለቷ...» ብሎ ጀመረ።

«ማለቴ እምቢ ነው ጋሼ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ቤትሽ መጥቶ? አሁን እሺ በይና በኋላ ታስቢበታለሽ።»

«አስቤ ነው እምቢ የምለው። እርስዎ ደግሞ አይቀየሙኝ» አለች ወደ እንግዳው ዞራ። «የመጡበትን ነገር አልናቅሁም። ግን ይህ ጠረጴዛ የተሠራው ስሕተት እንዳይከፈልበት ነው። ያንን ካወጡበት የሚቀረው ካርቶን ነው። ሁለቱ ባልደረቦቼ ስለ ራሳቸው ራሳቸው ይመልሱልዎታል፤ እኔ ስለ እነርሱ አልናገርም።»

እንግዳው ከመቀመጫው ተነሣ። ቁጣ አላሳየም። «ሐሳቡ የማንም አይደለም» አለ፣ ኮቱን እየቆለፈ። «እናንተ ሳትጨርሱ እኛ እናወጣዋለን።»

«ያውጡት። እኛም እናወጣዋለን።»

ወንድሟ እንግዳውን ሸኝቶ ተመልሶ ከበሩ ላይ ቆመ። ዐይኗን ሊያይ አልፈለገም። «አሳፈርሽኝ» አለ።

«አውቃለሁ ጋሼ። እሺ ብዬ አንጠልጥዬው ቢሆን ግን የበለጠ ታፍር ነበር።»

ወንድሟ በሩን ዘግቶ ሄደ። ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ አልደወለላትም፤ ይህም አጥንቷ ድረስ ተሰማት። ነገር ግን ቃሏን አላጠፈችም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሆነውን ሁሉ ሳታስቀር ለባልደረቦቿ ነገረቻቸው። ፕሮግራም ጸሐፊዋ ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የታፔላው ሠዓሊ ግን ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ እያዞረ ቆየ።

«እኔ እሄዳለሁ» አለ በመጨረሻ። «ልጆች አሉኝ፤ መሰላሉም ወገቤን ፈጀው። የሳልኩትን ሰጥቻችኋለሁ፤ መልሼ አልወስድም። የቀረውን ግን አልሥልላችሁም።»

«ጉድ እኮ ነው» አለች ሰፊዋ። «በባዶ እሺ ሻይ ሲገዛልን የኖረ ሰው፣ የልቡን እሺ ዛሬ ለእነርሱ አለ።»

«ተይው» አለች መቀሷ። «ፊት ለፊት ነገረኝ። ስደውልለት ‹መንገድ ላይ ነኝ› አላለኝም።» እስከ በሩ ድረስ ሸኘችው፤ በሩ ላይም ተጨባበጡ።

ድርጅቱ እንደዛተው ቀደማቸው። ሰፊዋ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ስልኳን ይዛ መጣች። ጨርቁ ያብረቀርቃል፤ ሙዚቃ አለው፤ ሥዕሉም የማን እጅ እንደሆነ ያስታውቃል። ሰፊዋ እየተደነቀች ተጫወተች። ሦስተኛ ስትሳሳት ስልኩ ቆመና ክፈዪ አላት። ፈገግታዋ እንደ ነበረ ደረቀ።

«ይኼማ ያ አለቃችን ነው» አለች፤ ስልኩንም ደፋችው።

ቅዳሜ ፕሮግራም ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯን ሳትከፍት ተቀመጠች። «ተቀደምን» አለች።

«እነርሱ ያወጡት ሌላ ነው፤ የኛን ማንም አላወጣውም። ዛሬ እናውጣው።»

«ግማሹ ሥዕል የለውም እኮ። ባዶ መሥመር ነው።»

«መሥመሩ ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«እንግዲያ ምክንያት ካለሽ እምቢ በይኝ።»

ወጣቷ ብዙ አሰበች። ጣቶቿን በጠረጴዛው ላይ ደበደበች፤ ጣራውን አየች። «ምክንያት አጣሁ» አለች፤ ኮምፒውተሯንም ከፈተች። ከመዝጋቷ በፊት በጨዋታው መግቢያ ላይ መቀሷ ቃል በቃል የነገረቻትን ጻፈች፦ «በዚህ ጠረጴዛ ላይ ስሕተት አይከፈልበትም። ሥዕሉ አላለቀም። መሣል የሚችል ሰው በፈቃዱ ይምጣ። የማይመጣ ከሆነ እምቢ ይበለን፤ ምክንያቱንም ይጻፍልን።»

ጨዋታው ከስፌት ቤት ወደ ስፌት ቤት፣ ከለማጅ ወደ ለማጅ ተሻገረ። መልእክትም መምጣት ጀመረ። «በርቱ» የሚል መጣ። «ግሩም ነው፤ እሺ እመጣለሁ» የሚል ብዙ መጣ። ፕሮግራም ጸሐፊዋ እያነበበች፣ መቀሷ ጨርቅ እየዳበሰች በትዕግሥት ታዳምጣለች። ከዚያ ወጣቷ አንዱ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ይችኛዋ የመማሪያ መጻሕፍት ሥዕል ሠሪ ነኝ ትላለች። ‹አልመጣም። ኮሌታችሁ እንዲህ ሆኖ ከተሣለ አንገት ላይ አይቀመጥም። የሣለው ሰው ጨርቅ ነክቶ አያውቅም። ጥላውም በተሳሳተ በኩል ነው የወደቀው። እንዲህ ካለ ሥራ ጋር ስሜ እንዲነሣ አልፈልግም› ትላለች። ልሰርዘው?»

መቀሷ የያዘችውን ጠመኔ አስቀመጠች። እጇን አራግፋ ሹራቧን ከወንበሩ ላይ አነሣች።

«የት እንደምትኖር ጠይቂልኝ» አለች።

«እምቢ ብላለች እኮ፣ እትዬ።»

«ሰምቻለሁ» አለች መቀሷ፣ ሹራቧን እየለበሰች። «አሁኑኑ ጠይቂልኝ።»